አፕል ቴሌቪዥን እስኪሠራ ልጠብቅ ወይስ የጨለመውን ላስጠግን?

ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አንድ አባት ጽፈውልኛል። ከአምስት ዓመት በፊት የገዙት ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን አላቸው። ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ድምፁ ይሰማል፣ ለሪሞቱም ይታዘዛል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆነ። የሰፈር ጠጋኝ «ስክሪኑ ሞቷል፤ አይድከሙ» አላቸው። የባለቤታቸው ወንድም ደግሞ «አፕል የራሱን ቴሌቪዥን ሊያወጣ ነው ይባላል፤ አሁን ገንዘብህን አታፍስስ፣ ትንሽ ጠብቅ» ብሎ መከራቸው። «ላስጠግን፣ ሌላ ልግዛ ወይስ ልጠብቅ? ልጆቼ ማታ ማታ ጎረቤት እየሄዱ ነው የሚያዩት» ይላሉ።

ወንድሜ፣ አይጠብቁ። «ስክሪኑ ሞቷል» የሚለውንም ገና አይመኑ። ከጥበቃው በፊት ግን የዕቃውን ሕመም እንወቅ።

ዛሬ ማታ የሳሎኑን መብራት አጥፍተው ቴሌቪዥኑን ያብሩ። ድምፁ እንደመጣ የስልክዎን መብራት ወደ ስክሪኑ አስጠግተው ከጎን በሰያፍ ያብሩበት። ብርሃኑ ባረፈበት ቦታ የዜና አንባቢው ፊት ወይም አንድ ጽሑፍ ደብዘዝ ብሎ ከታየዎት ስክሪኑ አልሞተም። ምስሉ በቦታው አለ፤ የጠፋው ከኋላው ሆኖ የሚያበራለት ነው። የዚህ ዓይነቱ፣ ኤልሲዲ የሚባለው ስክሪን ከራሱ ብርሃን የለውም። ከጀርባው በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ የኤልኢዲ አምፖሎች አሉ፤ በሙያችን ባክላይት እንላቸዋለን። በብዙዎቹ ዕቃዎች አምፖሎቹ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በአንድ መስመር የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲቃጠል መስመሩ ይቋረጣል፤ መብራቱን የሚነዳው ክፍልም ችግሩን ሲያውቅ ሁሉንም ያጠፋል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ሲያበሩት ለአፍታ ብልጭ ብሎ ከጨለመ ይህንኑ የሚያረጋግጥ ሌላ ምልክት ነው።

መብራት መሄዱና መምጣቱ የመጨረሻውን ምት መታው እንጂ ሥሩ ሌላ ይመስለኛል። ኤልኢዲን የሚገድለው ሙቀት ነው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ብርሃናቸው እስከ ጥግ ተከፍቶ ነው፤ መደብር ውስጥ ደምቀው እንዲታዩ። ገዢው ያንን ሳይቀንስ ለዓመታት ያያል፤ አምፖሎቹ ቀስ በቀስ ይደክማሉ፤ ከዚያ አንድ ቀን መብራት ሲመጣ ደካማው አይነሳም።

ወደ ጠጋኝ ሲሄዱ ሦስት ነገር አጥብቀው ይጠይቁ። የመጀመሪያው፣ አምፖሎቹ የተደረደሩባቸው ዘንጎች፣ ስትሪፖቹ፣ በሙሉ እንዲቀየሩ ነው። የተቃጠለውን አንድ አምፖል ብቻ መቀየር፣ ከዚያም የባሰው በላዩ ላይ ሽቦ በይዶ ማለፍ፣ እኛ ሙያ ውስጥ የተለመደ አቋራጭ ነው፤ ያሳፍረኛል። የቀሩትም አብረው ያረጁ ናቸውና ብዙ ሳይቆይ ሌላው ይከተላል። ሁለተኛው፣ አዲሱ ስትሪፕ ከአሮጌው ጋር በአምፖል ቁጥርና በቮልት መግጠሙ ነው። አንዱ አምፖል 3 ቮልት የሚፈልግ አለ፣ 6 ቮልት የሚፈልግ አለ፤ ከውጭ ሲታዩ ግን መንታ ናቸው። ስትሪፑ ላይ የታተመው ኮድ ሳይነበብ ወደ መርካቶ አይላክ። ሦስተኛው፣ ሥራው ሲያልቅ በሴቲንግ ውስጥ የባክላይቱ መጠን ወደ ግማሽ ግድም እንዲወርድ ነው። ኮዬ ፈጬ ያለ ሳሎን ማታ ከዚያ በላይ ብርሃን አያስፈልገውም።

እባክዎ እርስዎ ራስዎ አይክፈቱት። ለዕቃው ኃይል በሚሰጠው ሰሌዳ፣ በፓወር ቦርዱ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ፣ ትልቁ ካፓሲተር፣ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ደግሞም ስትሪፖቹ ጋ ለመድረስ መስታወቱ ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ከጠርዙ ጋር የተጣበቁት ስስ ሪባን ኬብሎች ትንሽ ከተሳቡ ያን ጊዜ ስክሪኑ በእውነት ይሞታል። ብቻዬን እሠራዋለሁ ለሚል ሰው አይስጡት።

በስልኩ መብራት ምንም ካልታየ ነገሩ ወደ ቦርዶቹ ወይም ምስሉን ወደሚያሳየው መስታወት፣ ወደ ፓኔሉ ይሄዳል። ቦርድ ይጠገናል ወይም ይቀየራል። የተሰነጠቀ ወይም የተበላሸ ፓኔል ግን ዋጋው ወደ ሙሉ ቴሌቪዥን ስለሚጠጋ አይመከርም። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፤ ጥገናው የአዲሱን ዋጋ ሲሶ ካለፈ ሌላ ይግዙ።

አሁን ወደ አፕል ልምጣ። ምክሩን የሰጠዎት ሰው ለእርስዎ አስቦ እንደሆነ አምናለሁ፤ ይህ ወሬ ግን ከእኔ ጋር የቆየ ሂሳብ አለው።

አፕል እ.ኤ.አ. በ1993 ማኪንቶሽ ቲቪ የሚባል፣ ኮምፒውተርና ቴሌቪዥንን በአንድ ያጣመረ ባለ 14 ኢንች ጥቁር ዕቃ አውጥቶ ነበር፤ 10,000 ያህል ብቻ ተሠርቶ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2007 አፕል ቲቪ የተባለችውን ትንሽ ሣጥን ለገበያ አቀረበ። ስሟ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ስክሪን የላትም፣ ሌላ ቴሌቪዥን ላይ ነው የምትሰካው። ትልቁ ወሬ የተነሳው ስቲቭ ጆብስ መስከረም 24 ቀን 2004 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ነው። ከሞቱ በኋላ የወጣው የሕይወት ታሪኩ፣ ለአጠቃቀም እጅግ ቀላል የሆነ ቴሌቪዥን የመሥራት ምኞት እንደነበረውና መፍትሔውን በመጨረሻ እንዳገኘው መናገሩን ገለጸ። ከዚያ በኋላ የአክሲዮን ተንታኞች በየዓመቱ «ደርሷል» አሉ።

እኔም አመንኩ። በ2004 ዓ.ም. ክረምት አንድ የአቃቂ መምህር ፍላይባኩ፣ ማለትም ለስክሪኑ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ክፍል፣ የተቃጠለ ትልቅ የድሮ ባለ ካቶድ ቴሌቪዥን አመጡልኝ። ወንድማቸው ውጭ አገር ነበር፤ አዲስ ዕቃ እልካለሁ ብሏቸው ነበር። እኔ፣ ባለሙያ ነኝ ብለው የሚያምኑኝ ሰው፣ «አፕል ሊያወጣ ነው፤ በዚህ አሮጌ ላይ ገንዘብ አያውጡ፣ ወንድምዎም ትንሽ ይታገሥ» አልኳቸው። ጥር 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሱ። አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ የአቻነቷን ግብ ሲያገባ የመምህሩ ልጆች በጎረቤት መስኮት አጮልቀው ነበር ያዩት። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ በቁጣ አልነበረም፣ ለዚህም ነው የማልረሳው። ፍላይባኩን ብቀይረው ኖሮ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር።

ወሬው ከዚያ በኋላም ቀጠለ። ባለሀብቱ ካርል አይካን እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ላይ አፕል በ2016 ባለ 55 እና ባለ 65 ኢንች ቴሌቪዥን ያወጣል ብሎ ጻፈ። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካው ጋዜጣ ዎል ስትሪት ጆርናል ኩባንያው ዕቅዱን ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ እንደተወው ዘገበ። የምስል ጥሪ የሚያደርግ ካሜራ ጨምሮ ብዙ ነገር አስበው ነበር፤ ነገር ግን ወደዚህ ገበያ ለመግባት የሚያበቃ በቂ ልዩነት አላገኙበትም። መምህሩ ሲጠብቁት የነበረው ዕቃ ከነጭራሹ ሳይመጣ ቀረ ማለት ነው።

ከጥገና ጠረጴዛዬ ሆኜ ሳየው ምክንያቱ አይከብደኝም። ስልክ በሁለት በሦስት ዓመት ይቀየራል፤ ቴሌቪዥን ግን ሰው ገዝቶ ሰባትና ስምንት ዓመት ያቆየዋል፣ እኛ አገር ደግሞ ከዚያም በላይ። ትርፉም ቀጭን ነው። ከዕቃው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ፓኔሉ ነው፤ ፓኔል የሚሠሩት ደግሞ ጥቂት ፋብሪካዎች፣ አሁን በአብዛኛው እንደ ቢኦኢ ያሉ የቻይና ድርጅቶች ናቸው። ሳምሰንግ እንኳን የኤልሲዲ ፓኔል ማምረቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አቁሞ ከሌሎች ይገዛል። አፕል ነገ ቢገባ እርሱም ፓኔል ገዝቶ ነው የሚገባው። በራሱ የሚያበራው ኦሌድ የሚባለው ስክሪን ካልሆነ በቀር ከጀርባው እነዚያው ኤልኢዲዎች ይኖራሉ፤ አንድ ቀንም ይቃጠላሉ፤ ያን ጊዜ መለዋወጫው መርካቶ ይገኛል ወይ የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

ቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በእርግጥ ገብተዋል። ሻኦሚ እ.ኤ.አ. በ2013፣ አማዞን በራሱ ስም በ2021 ቴሌቪዥን አውጥተዋል። ጎግል ግን ስክሪን መሥራቱን ለሌሎች ትቶ ከ2014 ጀምሮ አንድሮይድ ቲቪ የተባለውን ሶፍትዌሩን ለእነ ሶኒ ሰጠ። አፕልም ቢሆን ከ2019 ጀምሮ መተግበሪያውንና ከአይፎን ምስል የሚያስተላልፈውን ኤርፕሌይን በሳምሰንግና በኤልጂ ቴሌቪዥኖች ላይ አስገባ። ለእርስዎ ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ አእምሮው ከስክሪኑ ተለይቶ ይሸጣል። የተጠገነው ቴሌቪዥንዎ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለው አንድ ትንሽ የአንድሮይድ ሣጥን ይሰኩበታል፤ ኩባንያዎቹ ሐሳባቸውን ሲለውጡ ሣጥኑን ይቀይራሉ፣ ስክሪኑ ይቆያል።

ሣጥኑንም ቢሆን ብሎክዎ ድረስ የመስመር ኢንተርኔት ከሌለ አይቸኩሉበት። በከፍተኛ ጥራት አንድ ሰዓት ማየት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል፤ በስልክ ዳታ ለቤተሰብ አይሆንም። ልጆችዎ የሚያዩት በአብዛኛው የአገር ውስጥ ጣቢያ ይመስለኛል፤ እርሱ የሚመጣው ከኢትዮሳት፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት በዲሽ ነው። የአፕሏ ሣጥን ዲሽ አትቀበልም። ስለዚህ የትኛውም ዘመናዊ ዕቃ ቢመጣ ሪሲቨርዎን አይሽጡ።

ከጥገናው በኋላ ቴሌቪዥኑንና ሪሲቨሩን በአንድ የቮልቴጅ መከላከያ ላይ ይሰኩ፤ መብራት ሲመጣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ ዓይነት ይሁን። መብራት ተመልሶ ወዲያው የሚቆራረጥባቸው የእኛ ዳር ሰፈሮች ላይ ያቺ ደቂቃ ፓወር ቦርድ ታድናለች። መከላከያ እስኪገዙ ድረስ መብራት እንደሄደ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ለልጆቹም ያሳዩአቸው።

የስልኩን መብራት ሙከራ ዛሬ ማታ ያድርጉና ያዩትን ይጻፉልኝ። ከጀርባው ያለውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አብረው ቢልኩ፣ ስትሪፑ ስንት ረድፍ ሊሆን እንደሚችል ወደ ጠጋኝ ከመሄድዎ በፊት እነግርዎታለሁ።