በቀኝ በኩል የማያስጠጋ ፈረስ ላለህ ወንድሜ

የጻፍክልኝ ከድሬዳዋ፣ ከገንደ ቆሬ ነው። ከአባትህ የቀረልህ የጋሪ ፈረስ በግራ ስትመጣ ጸጥ ይላል፤ በቀኝ ስትጠጋው ጆሮውን ጥሎ ይሸሻል። አጎትህ «ሽጠውና ለባጃጅ ቀብድ ክፈል» ይሉሃል። አንተ የእንስሳት ጤና መማር ትፈልጋለህ። «አንድ ፈረስ ማስለመድ ያቃተኝ ለዚህ ሙያ እሆናለሁ?» ብለሃል።

አቦ፣ ትሆናለህ! አብዛኛው ሰው ልጓም የሚያገባውም የሚጭነውም በግራ ነው። የፈረስ ዓይኖች ደግሞ ግራና ቀኝ ጎን ላይ ናቸው። በግራ ዓይኑ የለመደው ነገር በቀኙ ሲመጣ እንደ አዲስ የሚደነግጥ ብዙ ነው።

መጀመሪያ ሕመም እንዳይሆን አረጋግጥ። ቀኝ ዓይኑ ያለቅሳል? ደመና ለብሷል? ከጋሪው ዕቃ ሥር ቁስል አለ? ጤነኛ ከሆነ በሚያምንህ በኩል ጀምር። ትከሻው አጠገብ ቆመህ በጀርባው አሻግረህ ቀኝ ጎኑን ዳስስ። ጸጥ ሲል ወዲያው እጅህን አንሳ። ሲሸሽ ካነሳህ መሸሽ እንደሚያዋጣው አስተማርከው ማለት ነው። ሲለምድ ወደ ቀኝ ዙር፤ ከአንገት ወደ ትከሻ፣ ከዚያ ወደ እግር። ገመዱን እጅህ ላይ አትጠምጥም። የሚይዝልህ ሰው አንተ ባለህበት ጎን ይቁም።

ይህን የማጠብቀው በምክንያት ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር በእንስሳት ጤና ስሠራ መድኃኒት እያለ ሳይታከም የሚመለስ እንስሳ አይቻለሁ፤ የሚይዘው ጠፍቶ። ቀኝ ሰኮናው ላይ ሚስማር የገባበትን ፈረስ በግራ ቆመህ አታክመውም። የመድኃኒት መጠን ማስላት ክፍል ውስጥ ይማሩታል። እንስሳ መያዝን ግን ብዙ ተመራቂ ሳይችለው ሥራ ይጀምራል። አንተ ከወዲሁ እየተማርከው ነው።

አጎትህን አከብራለሁ፤ ምክራቸውን ግን አልቀበልም። ከቀብዱ በኋላ ያለውን ዕዳ የምትከፍለው አንተ ነህ። ዛሬ ቤት የሚያበላውን ፈረስ ሸጦ ዕዳ መግባት ለእናትህም አይበጅም።

ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። ነጥብህ ካልደረሰ በቴክኒክና ሙያ በኩል የእንስሳት ጤና መማር ይቻላል። ዕድሜህ 23 ነው፤ አልረፈደም። ያሳሰበህ እንግሊዝኛም እየተማርክ ይሻሻላል።

ፈረሱን በድሬ የቀትር ሙቀት አትሞክረው። ጋሪው ከመጠመዱ በፊት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በየቀኑ። ዓይኑን ግን ነገውኑ ለባለሙያ አሳይ።