«የዶክተሩ ቀን»፦ ከሃምሳኛው ዓመት ምሽት የቀሩ ጥያቄዎች

ባለፈው ስለ «ዶክተር ሁ» ሁለት መስመር ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣልኝ ደብዳቤ ብዙ ነው። አብዛኞቻችሁ የምታነሱት ደግሞ አንድ ምሽት ነው፤ ኖቬምበር 23 ቀን 2013። የእንግሊዙ ቢቢሲ የድራማውን ሃምሳኛ ዓመት ያከበረበት «የዶክተሩ ቀን» የተባለው ልዩ ክፍል ያን ዕለት ነው የታየው። ይኸው እስከ ዛሬ አንዱ ሲያስታውሰው እንባው ይመጣል፤ ሌላው ንዴቱ አልበረደለትም። እኔ ክፍሉን እወደዋለሁ። የተናደዱትንም በደንብ እረዳቸዋለሁ።

ድራማውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ዶክተሩ ጋሊፍሬይ ከተባለች ፕላኔት የመጣ፣ ከጊዜ ጌቶች ወገን የሆነ ፍጡር ነው። ታርዲስ በምትባል መርከቡ በጊዜና በጠፈር ውስጥ ይጓዛል። መርከቧ ከውጭ ስትታይ ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሣጥን ናት። ዶክተሩ ሊሞት ሲል መልኩም ጠባዩም ይለወጣል፤ ተዋናይ እየተቀየረ ታሪኩ ከ1963 ጀምሮ የዘለቀው በዚህ መላ ነው። ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ክፍሉን ያላያችሁ ካላችሁ ደግሞ መጨረሻውን ስለምነግራችሁ መጀመሪያ እዩት።

«ከ2005 ጀምሮ ዶክተሩ የገዛ ሕዝቡን አጥፍቶ ብቻውን የቀረ ሰው ነው ተብለን ስናዝንለት ኖርን። በበዓሉ ክፍል ግን ጋሊፍሬይ ዳነች ተባለ። ታዲያ ያ ሁሉ ሐዘን ለምን ነበር? ቆሽቴ ነው ያረረው።»

ቁጣህን አላጣጥለውም፤ ከመውደድ የመጣ ነው። ራስል ቲ ዴቪስ በ2005 ድራማውን መልሶ ሲያስነሳው ትልቁ ሥራው ይህ ሐዘን ነበር። ድራማው በ1989 ከቆመ በኋላ፣ በ1996 ከተሠራው አንድ የቴሌቪዥን ፊልም በቀር፣ ለ16 ዓመት ጠፍቶ ነበር። ዴቪስ ያንን ባዶ ዘመን በጦርነት ሞላው። የጊዜ ጌቶችና ዳሌኮች የተባሉት፣ ብረት ለበስ ጨካኝ ጠላቶቻቸው ተፋጁ፤ ዶክተሩ ጦርነቱን ለማስቆም ብሎ ሁለቱንም አጠፋ። የ2005ቱ ዶክተር ክሪስቶፈር ኤክልስተን አንዲት ዳሌክ ፊት ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ያየ ሰው ያንን ሕመም አይረሳውም።

ግን እስቲ የበዓሉን ክፍል መልሰህ እየው። ጋሊፍሬይን የሚያድኑት ዶክተሮች ከተለያየ ዘመን የመጡ ናቸው። የጊዜ መስመራቸው ስለተደበላለቀ የሆነውን አስታውሶ የሚቀረው የመጨረሻው፣ ማት ስሚዝ የሚጫወተው ዶክተር ብቻ ነው። ጆን ኸርት የሚጫወተው የጦርነቱ ዶክተር ይረሳዋል። ዴቪድ ቴናንት የሚጫወተውም ይረሳዋል። ስለዚህ በ2005 ያየኸው ሰው በእርግጥም ሕዝቡን እንዳቃጠለ ነበር የሚያምነው። ሕመሙ አልተሰረዘም፤ አንዲት ሌሊቱ እንኳ አልቀለለችለትም። ሸክሙ የወረደው ከስሚዝ ዶክተር ላይ ነው፤ እሱም አራት መቶ ዓመት ከተሸከመው በኋላ ነው።

የክፍሉ ልብ ያለው ደግሞ በለንደኑ ታወር እስር ቤት ውስጥ ነው። ሦስቱ ዶክተሮች አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። የጦርነቱ ዶክተር ጋሊፍሬይንም ዳሌኮችንም የሚያጠፋውን መሣሪያ ገና አልተኮሰም፤ ሁለቱ ግን ተኩሰው አልፈዋል። «ያን ቀን ጋሊፍሬይ ላይ ስንት ሕፃናት እንደነበሩ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ?» ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃቸዋል። ስሚዝ አላውቅም ይላል። ቴናንት ግን ቁጥሩን ያውቀዋል፤ 2.47 ቢሊዮን። ከዚያ ዞሮ፣ እንዴት ትረሳለህ ብሎ ራሱን በራሱ ይቆጣል። አንድ ሰው ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ማስታወስን ግማሹ መርሳትን መርጦ ሲጣላ ማየት ነው። እኔ እዚህ ቦታ በደረስኩ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል። ከዚህ በኋላ ያንን ሰው ሌላ ዕድል የማይሰጥ ደራሲ ቢኖር እኔም እናደድበት ነበር።

አንድ ነገር ግን ላንተ እተውልሃለሁ። በ2009 ገናና በ2010 አዲስ ዓመት በታየው ታሪክ የጊዜ ጌቶች መሪዎች ራሳቸውን ለማዳን ሲሉ ጊዜን ጭምር ሊያጠፉ የተነሡ ክፉዎች ነበሩ። የበዓሉ ክፍል ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነክቶት ያልፋል። ዳሌኮቹ ፕላኔቷ ከመሃል ስትሰወር እርስ በርስ ተኳኩሰው ማለቃቸውም ቀለል ብሏል። ደራሲው ስቲቨን ሞፋት ሕፃናቱን ፊት አድርጎ መሪዎቹን ከኋላ አስቀመጣቸው። ለእኔ በቂ ነው። ላንተ ካልበቃህ አልከራከርህም።

«ኤክልስተን ለምን አልመጣም? አንድ ቀን ለአድናቂዎቹ ቢሰጥ ምን ነበረበት?»

ተጠይቆ ነበር፤ አልፈልግም አለ። የሠራው አንድ ሲዝን፣ 13 ክፍል ነው። ከበላዮቹ ጋር የነበረው የሥራ ግንኙነት እንደተበላሸ በኋላ ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። ከተጎዳበት ቦታ ተመልሶ እንዲቆም ማስገደድ ለእኔ ፍቅር አይመስለኝም። እነዚያ 13 ክፍሎች ባይኖሩ ዛሬ የምንከራከርበት ድራማ ባልኖረ ነበር፤ ዕዳ ካለብን እኛ ነን።

ደግሞ የእሱ ቦታ ባዶ ስለሆነ ነው ጆን ኸርትን ያገኘነው። ሞፋት ማንም የማያውቀው፣ ራሱን እንኳ ዶክተር ብሎ ለመጥራት የሚያፍር አዛውንት ፈጠረ። ኸርት ያኔ 73 ዓመቱ ነበር። ድካሙ፣ ዝምታው፣ ወጣቶቹን ቀና ብሎ የሚያይበት ዓይኑ... ያንን ሌላ ሰው ያደርገዋል ብዬ ማሰብ ይቸግረኛል። በ2017 መጀመሪያ አረፈ። ኤክልስተንም ቢሆን ከ2021 ጀምሮ በድምፅ ድራማዎች ወደ ዶክተሩ ተመልሷል፤ የናፈቃችሁት ፈልጋችሁ ስሙት።

«እናቴ በመጨረሻው ላይ አንድ ሽማግሌ ብቅ ሲል ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ስጠይቃት መናገር አቃታት። ማን ነው?»

ቶም ቤከር ነው፣ እህቴ። ከ1974 እስከ 1981 አራተኛው ዶክተር እሱ ነበር። ያ ረጅም ባለቀለም ሻርፕ፣ ያ የተንጨባረረ ጸጉር የእሱ ነው። በቴሌቪዥን እንደ እሱ ለረጅም ጊዜ በተከታታይ ዶክተሩን የተጫወተ የለም። እናትሽ በልጅነቷ ያየችው እሱን ከሆነ፣ ለእሷ ዶክተሩ ማለት እሱ ነው።

አሁን ምን እንደሆነ ልብ በይ። በ1983፣ በሃያኛው ዓመት በዓል፣ የቀድሞ ዶክተሮች ሲሰባሰቡ ቤከር አልመጣም። በሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ሳያልቅ ከቀረ አንድ የድሮ ታሪክ የተወሰደ ቁራጭ ነው ያስገቡለት። አድናቂው ሠላሳ ዓመት ጠበቀ። ከዚያ በ2013 ስሚዝ በለንደኑ ብሔራዊ የሥዕል ቤት ብቻውን ቁጭ ብሎ የጋሊፍሬይን ውድቀት የሚያሳየውን ሥዕል እያየ ስለ ጡረታ ያወራል። ከኋላው አንድ ድምፅ ይሰማል። ፊቱ ከመታየቱ በፊት ድምፁን ያወቁት ሰዎች ናቸው ያለቀሱት። 79 ዓመቱ ነው፤ ምርኩዝ ይዟል። ማን እንደሆነ በግልጽ አይናገርም። የሥዕሉን ምስጢር ግን የሚፈታለት እሱ ነው፤ ሁለት ርዕስ ነው ብለው ሲከራከሩበት የነበረው አንድ ርዕስ ነው ይለዋል። ጋሊፍሬይ አልወደቀችም ማለት ነው።

የልጅነትሽ ጀግና አርጅቶ፣ ግን ያው ፈገግታው ሳይጠፋ፣ መልካም ዜና ይዞልሽ ሲመጣ ማልቀስ ምኑ ይገርማል? እናትሽን አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ስለ ሻርፑ ጠይቂያት። ያኔ ታወራልሻለች።

«እኔ ከድሮዎቹ ተመልካቾች ነኝ። የቀድሞዎቹ ዶክተሮች ፒተር ዴቪሰን፣ ኮሊን ቤከርና ሲልቬስተር ማኮይ በሕይወት እያሉ በሃምሳኛው ዓመት መረሳታቸው ያሳዝነኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?»

እኔም እንደ እርስዎ አዝኛለሁ። አንድ ትዕይንት፣ አንድ ቃል ቢሰጣቸው ክፍሉ አይጎዳም ነበር። መጨረሻ ላይ ሁሉም ዶክተሮች ተሰልፈው የምናየው ምስል በቂ ካሳ አይመስለኝም።

ሙሉ በሙሉ ግን አልተረሱም። ዴቪሰን ራሱ ጽፎና አዘጋጅቶ አንድ አጭር ኮሜዲ ሠርቷል፤ ሦስቱ ወደ በዓሉ ቀረጻ ተደብቀው ለመግባት የሚያደርጉትን ጥረት የሚያሳይ ነው። የወጣው በዚያው ምሽት ነው፤ ካላዩት እባክዎ ይፈልጉት። ፖል ማክጋን ደግሞ ከ1996ቱ ፊልም በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በምስል የተመለሰው ከበዓሉ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ በኢንተርኔት በተለቀቀ የሰባት ደቂቃ ክፍል ነው። ማንም ሳይጠብቀው ነው የመጣው። ስምንተኛው ዶክተር እንዴት ወደ ጦርነቱ ዶክተር እንደተለወጠ ያኔ አየን። በሰባት ደቂቃ ያን ያህል ስሜት የጨመቀ ሌላ ክፍል አላውቅም።

ኋላም በ2022፣ ቢቢሲ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር በታየው ክፍል፣ ዴቪሰን፣ ኮሊን ቤከር፣ ማኮይና ማክጋን ሁሉም መጥተዋል። ዘግይቶም ቢሆን ተራቸው ደርሷል።

«የፒተር ካፓልዲ ዓይን ብቻ ነው የታየው። ይህን ያህል ማውራት ምን አስፈለገ?»

ገና ሥራ ስላልጀመረ ነው። ቀጣዩ ዶክተር እሱ እንደሚሆን የታወቀው በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ነው። በበዓሉ ጊዜ የስሚዝ ታሪክ አልተዘጋም ነበር። የጋሊፍሬይ አዛዥ 12ቱም መጡ ሲል ሌላው 13 ናቸው ብሎ ያርመዋል፤ ከዚያ የካፓልዲ ቅንድብና ዓይን ብቅ ይላል። ያለፉት ብቻ ሳይሆኑ የሚመጣውም ለመርዳት ደረሰ ማለት ነው። ጥቂት ሰከንድ ነው፤ እኔ ከመቀመጫዬ ተነሥቻለሁ።

«በዚያን ቀን ለምን በሁሉም አገር እኩል ታየ?»

ማንም ለማንም መጨረሻውን እንዳይነግር ነው። በ94 አገሮች በአንድ ጊዜ ታይቶ በጊነስ መዝገብ ገብቷል። በየአገሩ በሲኒማ ቤቶችም በስሪ ዲ ታይቷል።

«ስድሳኛው ዓመትስ? ከሃምሳኛው ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ያ ለሁለት መከፈል ግን አልተዋጠልኝም።»

ስድሳኛው አንድ ምሽት ሳይሆን ከኖቬምበር 25 እስከ ዲሴምበር 9 ቀን 2023 በየቅዳሜው የታዩ ሦስት ክፍሎች ነው። ዴቪስ ተመልሶ ጻፈው፤ ቴናንትና የጉዞ ጓደኛውን ዶናን የምትጫወተው ካትሪን ቴት ተመለሱ። የድሮ ዶክተሮች ሰልፍ የለበትም። አድናቂው የተከፋፈለው በሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ነው። ዶክተሩ እንደ ወትሮው መልኩን በመለወጥ ፈንታ ለሁለት ተከፈለ። ቴናንት ከእነ ዶና ቤተሰብ ጋር አርፎ ቀረ፤ ቀጣዩ ዶክተር ንኩቲ ጋትዋ ታርዲስን ይዞ ሄደ።

እኔ ሁለት ልብ ነኝ። ያ የደከመ ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ አረፍኩ ሲል ደስ ብሎኛል፤ ስንት ዓመት ስንመኝለት ኖረናል። ግን የድራማው ኃይል ያለው በመሰናበት ነው። የምንወደው ፊት ሲሄድ እናለቅሳለን፤ ከዚያ ቦታውን ለአዲሱ እንለቅለታለን። ጋትዋ የመጀመሪያ ሰዓቱን ከሌላ ዶክተር ጋር መካፈሉ አሳዝኖኛል። ሙሉ መድረክ ይገባው ነበር።

ከሦስቱ የምመርጠው መካከለኛውን ነው። በአጽናፈ ዓለም ዳርቻ ላይ አንዲት ባዶ መርከብ፣ ሁለት ተዋንያንና መልካቸውን የሚቀዳ ፍርሃት። በስተመጨረሻ የዶናን አያት የሚጫወተው በርናርድ ክሪቢንስ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ሰውየው በጁላይ 2022 አርፏል፤ ስንብቱ ይቺው ናት። ይበልጣል ወይ ለምትለው ግን ሃምሳኛውን ነው የምመርጠው፤ ስለ በዓል ሳይሆን ስለ ዶክተሩ የሚያወራ ታሪክ ስላለው።

«ድራማውን የጀመርኩት በ2023 ነው። ጓደኞቼ እውነተኛ አድናቂ አይደለሽም ይሉኛል። በጣም ዘገየሁ?»

አልዘገየሽም። ዛሬ ሁሉንም ክፍል ማየት የሚችል ሰው የለም። ቢቢሲ በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ብዙ ቴፖችን ደምስሷል። በዚያው በ2013 እንኳ፣ በዓሉ ሊደርስ ሲል፣ ጠፍተው የነበሩ ዘጠኝ ክፍሎች ናይጄሪያ ውስጥ ተገኙ ተብሎ ጉድ ተብሏል። ነባሮቹም ቢሆኑ ገና እየፈለጉ ነው።

ወደ ሃምሳኛው ዓመት ክፍል ለመድረስ ግን አትቸኩይ። የ2005ቱን የመጀመሪያ ሲዝን እዪ። ከቴናንት ዘመን የቻልሽውን ያህል ጨምሪበት። ከዚያ ከስሚዝ ሲዝኖች የጉዞ ጓደኛው ክላራ ያለችበትን ቅመሺ። ማክጋን ያለበትን የሰባት ደቂቃውን ክፍል አስቀድመሽ፣ በመጨረሻ የበዓሉን ክፈቺ።

ለጓደኞችሽ ደግሞ ይቺን ንገሪልኝ። የመጀመሪያው ክፍል የታየው ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት። ዓለም በዚያ ሐዘን ተይዞ ነበር፤ በእንግሊዝ አንዳንድ አካባቢም መብራት ተቋርጦ ነበር። ብዙ ሰው ስላመለጠው ቢቢሲ በሳምንቱ ደግሞ አሳየው። ከመጀመሪያዎቹ አድናቂዎች ብዙዎቹ የገቡት በዚያ በሁለተኛው ሳምንት ነው።