የአንባቢያን ጥያቄ፦ እንግሊዝ ሠራተኛ ትፈልጋለች ወይስ ታባርራለች?

ጥያቄ

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ። የኮምቦልቻ ከተማ ነዋሪና ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ሴት ልጄ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ስትሠራ ቆይታ ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ከወጣች ወዲህ ቤት ተቀምጣለች። ሰሞኑን አንድ ደላላ መጥቶ «እንግሊዞች አረጋውያንን የሚንከባከብላቸው ሰው አጥተው ተቸግረዋል፤ ስፖንሰር አለኝ፤ ስምንት መቶ ሺህ ብር ካዘጋጃችሁ በሦስት ወር ትሄዳለች» ብሎናል። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ «ለእሷ ከምታወጡት ግማሹን ስጡኝና በሱዳንና በሊቢያ አድርጌ ልግባ፤ እዚያ ከደረስኩ ጥገኝነት ጠይቄ እሠራለሁ» እያለ ያስጨንቀናል። እናታቸው ወርቋን ልትሸጥ ተነሥታለች። እኔ ግን በሬዲዮ የምሰማው ሌላ ነው፤ እንግሊዞች ስደተኞች በሚያድሩባቸው ሆቴሎች ፊት ሰልፍ ይወጣሉ፣ መንግሥታቸውም የመጣውን እመልሳለሁ ይላል። ሠራተኛ ከቸገራቸው የመጣውን ለምን ያባርራሉ? ካልቸገራቸውስ ደላላው ስለ ምን ያወራል?

ከኮምቦልቻ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ከሐተታው በፊት ገንዘቡን የሚመለከተውን ላስቀድም፤ ባለቤትዎ ወርቃቸውን እንዳይሸጡ። እንግሊዝ ከውጭ አገር በቀጥታ ለሚቀጠሩ የአረጋውያን ተንከባካቢዎች ትሰጠው የነበረውን ቪዛ ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ለአዲስ አመልካቾች ዘግታለች። (የአገራችንን ጉዳይ ስናነሣ ካልሆነ በቀር በዚህ መልስ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደላላው የያዘው ወሬ ግን ፈጽሞ ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ የዛሬ ጥቂት ዓመት እውነት ነበር። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ የኅብረቱ ዜጎች ያለ ቪዛ ገብተው የመሥራት መብት በ2020 ማብቂያ ላይ አከተመ፤ ከፖላንድና ከሩማንያ እየመጣ በእርሻው፣ በሆቴሉና በአረጋውያን መጦሪያው ይሠራ የነበረው ሰው ሲቀንስ፣ በላዩም ኮሮና ሲጨመር፣ በ2021 እና በ2022 መካከል በእንክብካቤው ዘርፍ ብቻ ወደ 165 ሺህ የሚጠጋ የሥራ ቦታ ባዶ ሆነ። አዛውንት ማንሣትና ማጠብ፣ ሌሊት ማደርም ያለበት ሥራ ሆኖ ደመወዙ ዝቅተኛ ስለሆነ የአገሬው ወጣት አይመርጠውም። ስለዚህ መንግሥት በፌብሩዋሪ 2022 በሩን ለውጭ አገር ተንከባካቢዎች ከፈተ፤ ከህንድ፣ ከናይጄሪያና ከዚምባብዌ ብዙ ሰው ገባ። ተማሪውም፣ የዩክሬን ተፈናቃዩም፣ የሆንግ ኮንግ ሰውም ተደምሮ በ2023 አጋማሽ ባበቃው አንድ ዓመት ወደ አገሪቱ የገባው ሰው ከወጣው በ900 ሺህና ከዚያ በላይ በለጠ። ይህ ቁጥር ፖለቲከኞቹን አስደነገጠ። በማርች 2024 አዲስ ተንከባካቢዎች የትዳር ጓደኛና ልጆቻቸውን ይዘው እንዳይመጡ ተከለከለ፤ በሜይ 2025 ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር አገራቸው «የማይተዋወቁ ባዕዳን ደሴት» እንዳትሆን ያሰጋል ሲሉ ተናገሩ (በኋላ በአነጋገሩ መጸጸታቸውን ገልጸዋል)፤ ከሁለት ወር በኋላ በሩ ተዘጋ።

እንግዲህ ለጥያቄዎ የምሰጠው መልስ እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛ የቸገረው አሠሪው ነው፤ ቪዛ የሚሰጠው ግን በየአምስት ዓመቱ ድምፅ የሚለምነው መንግሥት ነው። መጦሪያ ቤቱ ዛሬም ሰው ይፈልጋል፤ ሚኒስትሩ ደግሞ «ቁጥሩን ቀንሻለሁ» ማለት አለበት። እርስዎ እንደ ተቃርኖ ያዩት ነገር ሁለት የተለያዩ ሰዎች የሚናገሩት ነው፤ ደላላው የአንዱን ድምፅ ብቻ ለይቶ ያሰማዎታል።

በሩ ክፍት በነበረበት ጊዜም ቢሆን የገባው ሁሉ አልቀናውም። የሠራተኛው ቪዛ በስፖንሰሩ፣ ማለትም ሠራተኛ ከውጭ እንዲያስመጣ መንግሥት በፈቀደለት አሠሪ፣ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የአሠሪው ፈቃድ ከተሰረዘ ሠራተኛው ሌላ ስፖንሰር እንዲያገኝ በአብዛኛው የሚሰጠው 60 ቀን ብቻ ነው። ከ2022 አጋማሽ እስከ 2024 ማብቂያ ድረስ የእንግሊዝ መንግሥት በእንክብካቤው ዘርፍ ከ470 በላይ ፈቃዶችን የሰረዘ ሲሆን፣ በእነዚያ ድርጅቶች ሥር የነበሩት ሠራተኞች ከ39 ሺህ በላይ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ለደላላ ከፍለው፣ ቤት ሸጠው ወይም ተበድረው ሄደው ቃል የተገባላቸውን ሥራ ያጡ ነበሩ። ልጁን ወደ ዓረብ አገር የላከ የወሎ ወላጅ ሠራተኛውን ከአሠሪው ጋር የሚያስረውን ከፋላ የሚባለውን አሠራር ስለሚያውቅ የዚህ ነገር መልኩ አይጠፋውም።

ወንድ ልጅዎ የሚያስበው ከዚህ የተለየ በር ነው። ጥገኝነት ከሥራ ቪዛ ጋር ዝምድና የለውም። የ1951ዱ የጄኔቫ የስደተኞች ስምምነት የሚጠብቀው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም በማኅበራዊ ቡድኑ ምክንያት መሳደድ የሚያሰጋውን ሰው ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ከቤቱ ለተፈናቀለ ሰው የመሰደድን ትርጉም ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሆኖም ሥራ ማጣት ብቻውን በዚያ ሕግ ፊት ምክንያት አይሆንም።

ጥገኝነት ለመጠየቅ ደግሞ እንግሊዝ ምድር ላይ መገኘት ግድ ነው፤ ለዚሁ የሚሰጥ ቪዛ የለም። ሰዎችን ወደ ላስቲክ ጀልባ የሚገፋው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፈረንሳይንና እንግሊዝን የሚለየው ባሕር በጠባቡ በኩል 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ከመግባት ብዙም አይርቅም፣ ግን ብዙ ሰው በልቷል። በ2018 በጀልባ የተሻገሩት 299 ነበሩ፤ በ2022 ከ45 ሺህ በላይ ሆኑ። የወግ አጥባቂዎች መንግሥት የመጡትን ወደ ሩዋንዳ ለመላክ አቅዶ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2023 ሕገ ወጥ ነው አለው፤ በ2024 የተመረጠው የሌበር (የሠራተኞች) ፓርቲ መንግሥትም ዕቅዱን ሰረዘ። ይሁን እንጂ ሌበርም በሩን አላላላም። በኦገስት 2025 ሥራ ላይ በዋለው ከፈረንሳይ ጋር የተደረገ ስምምነት በጀልባ ከተሻገሩት የተወሰኑት ወደ ፈረንሳይ እንዲመለሱ ተወሰነ፤ በኖቬምበር 2025 ደግሞ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ፈቃዱ በየሠላሳ ወሩ እንዲመረመርና ቋሚ ነዋሪነት ለማግኘት እስከ ሃያ ዓመት እንዲጠብቅ የሚያደርግ ዕቅድ ይፋ ሆነ። ቀደም ሲል አምስት ዓመት ይበቃ ነበር።

«ጥገኝነት ጠይቄ እሠራለሁ» የሚለው ቃል ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው። ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው እንዲሠራ አይፈቀድለትም፤ በእሱ ጥፋት ሳይሆን ከአንድ ዓመት በላይ ከዘገየበት ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቢያገኝም በተወሰኑ የሙያ መስኮች ብቻ ነው። ራሱ አብስሎ ለሚበላ ሰው የተቆረጠው አበል በ2025 በሳምንት 49.18 ፓውንድ ነበር፤ ምግብ በሚቀርብበት ሆቴል ለሚኖር ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ። «እንዲሠሩ ቢፈቀድ ለመንግሥትም ወጪ ይቀንሳል» የሚሉ እንግሊዛውያን አሉ፤ መንግሥት «ሌሎችን ይጋብዛል» ብሎ ይመልሳል። እኔ በበኩሌ የመጀመሪያዎቹ ወገን ያመዝንብኛል፤ ሰውን ለወራት በሆቴል ሥራ ፈትቶ አስቀምጦ «የእኛን ገንዘብ ይበላል» ማለት የራስን ሕግ ውጤት በሌላው ላይ ማሳበብ ነው። በ2025 በጋ ኤፒንግ በምትባለው ከተማ በተነሣው ሰልፍ ይህ ቁጣ ተደምጧል። የሰልፉ መነሻ እዚያ በሚገኝ ሆቴል ያረፈ አንድ የእኛው አገር ሰው በፈጸመው የወሲብ ጥቃት መከሰሱ ነበር፤ በኋላም ጥፋተኛ ተባለ። ያ ሰው ያጠፋው ጥፋት የራሱ ሆኖ ሳለ፣ ኢትዮጵያዊ የሚለው ስም በአገሪቱ ጋዜጦች ለወራት በዚያ ተነሥቷል።

ሊቢያን በተመለከተ ወሎ ውስጥ ለተቀመጠ አባት የምጨምረው የለኝም።

ልጅዎ በውጭ አገር መሥራት ከፈለገች በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 እና ማሻሻያው አሉ፤ ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ የቪዛውንና የጉዞውን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ያደርጋል እንጂ ከቤተሰብ ስምንት መቶ ሺህ አይሰበስብም። ደላላው ተመልሶ ከመጣ የአሠሪውን ድርጅት ሙሉ ስም በጽሑፍ ይጠይቁት። እንግሊዝ ሠራተኛ ከውጭ እንዲያስመጡ የፈቀደችላቸውን ድርጅቶች ዝርዝር በይፋ ታወጣለች፤ ኢንተርኔት ያለው ማንኛውም ሰው ስሙን ሊፈልገው ይችላል። ስሙ ቢገኝም እንኳ ቪዛው ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ይጠይቁት፤ «ተንከባካቢ» ካለ ከላይ የጠቀስኩትን ቀን ያሳዩት።