ድምፁ የሚቆራረጠው ላፕቶፕ እና «ዊንዶውሱን እንደገና ይጫኑት» የሚለው መልስ

ጥያቄ፦

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። ሥራዬ የድምፅ ቅንብር ነው። ዱባይ የምትኖረው እኅቴ አዲስ ላፕቶፕ ገዝታ ከላከችልኝ ስድስት ወር ሆኖታል። ማሽኑ ፈጣን ነው፤ ሆኖም ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ በየግማሽ ደቂቃው ገደማ ለቅጽበት ቀጥ ይላል። የማውዙ ቀስት ባለበት ይቆማል፣ በማዳምጠው ዜማ መሃል «ጭርር» የሚል ድምፅ ይገባል፣ ከዚያም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሥራው ይቀጥላል። ለአምራቹ የደንበኞች አገልግሎት መጻፍ ከጀመርኩ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። እስካሁን አምስት ሰዎች ተፈራርቀውብኛል፤ እያንዳንዳቸውም ያለፈውን ደብዳቤ ሳያነቡ ዊንዶውሱን አጥፍቼ እንደገና እንድጭን ነግረውኛል፤ እኔም ሦስት ጊዜ አድርጌዋለሁ። በመጨረሻ አንድ ወዳጄ የማሽኑን መዘግየት የሚለካ ሌተንሲሞን የተባለ ፕሮግራም ጫነልኝና መዘግየቱ ከ20 ሚሊሰከንድ በላይ እንደሚደርስ፣ የሚታየውም ፋይል ኤሲፒአይ የሚባለው እንደሆነ አየን። ይህንኑ ፎቶ አንሥቼ ብልክላቸው «ፋይሉ የማይክሮሶፍት ስለሆነ ማይክሮሶፍትን ይጠይቁ» አሉኝ። አሁን ደግሞ ማሽኑን ዱባይ ወዳለው የጥገና ማዕከል እንድልከው እየጠየቁኝ ነው። ልላከው ወይስ ተስፋ ልቁረጥ?

የድምፅ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

በመጀመሪያ፣ ለአራተኛ ጊዜ ፎርማት እንዳያደርጉት እንለምንዎታለን። ዊንዶውስ የሚቀመጠው ዲስኩ ላይ ነው፤ ፈርምዌር የሚባለው ግን ማዘርቦርዱ ላይ በምትገኝ ሌላ ትንሽ ቺፕ ውስጥ ያለ፣ ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚነሣ ፕሮግራም ስለሆነ፣ ዲስኩ የቱንም ያህል ቢጸዳ እዚያ የተጻፈ ስሕተት አይነካም። ሦስት ጊዜ ያባከኑት ቀን ግን ከንቱ አይደለም፤ ችግሩ በንጹሕ ዊንዶውስ ላይም እንዳለ ስላረጋገጡ ወደፊት ለሚጽፉት ደብዳቤ ዋነኛ ማስረጃዎ እርሱ ነው።

ወደ ማይክሮሶፍት የመሩዎት ሰው የተናገረው ግማሽ እውነት ነው። ኤሲፒአይ የተባለው ፋይል በእርግጥ የማይክሮሶፍት ነው፤ ሥራው ግን ማስተርጎም ነው። የላፕቶፑ አምራች ስለ ባትሪው፣ ስለ ቻርጀሩ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ማቀዝቀዣው ትናንሽ መመሪያዎችን ጽፎ በፈርምዌሩ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ዊንዶውስም ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር እነዚያን መመሪያዎች ቃል በቃል ይፈጽማል። መመሪያው ውስጥ «ጥቂት ጠብቅ» የሚል ቃል ካለበት፣ ወይም ባትሪውን የሚቆጣጠረውን ቀርፋፋ ቺፕ በየሠላሳ ሰከንዱ ጠይቆ መልሱን ቆሞ እንዲጠብቅ ከተጻፈ፣ ዊንዶውስ ቆሞ ይጠብቃል። በሌተንሲሞን ላይ ስሙ የሚወጣው አስተርጓሚው ነው፤ ንግግሩን የጻፈው ግን አምራቹ ነው።

የ20 ሚሊሰከንድ መዘግየት ለጽሑፍ ሠራተኛ ምንም ማለት አይደለም፤ ለእርስዎ ግን ብዙ ነው። ማይክሮሶፍት ለድራይቨር ጸሐፊዎች በሚሰጠው መመሪያ፣ ሌላውን ሥራ አስቁመው የሚፈጸሙ እንዲህ ያሉ አጣዳፊ ተግባራት ከ100 ማይክሮሰከንድ እንዳያልፉ ይመክራል፤ እርስዎ የለኩት የዚህን ሁለት መቶ እጥፍ ነው። ድምፅ በሰከንድ 48,000 ናሙና ሲጫወት፣ ድምፁ ከመጫወቱ በፊት የሚጠራቀምበት የ480 ናሙና ማቆያ የሚይዘው የ10 ሚሊሰከንድ ስንቅ ብቻ ስለሆነ፣ ፕሮሰሰሩ ለ20 ሚሊሰከንድ ከተያዘ ስንቁ አልቆ ክፍተት ይፈጠራል። እንጀራ ጋጋሪ ሊጡን ምጣዱ ላይ አፍስሳ በር ቢንኳኳባትና ከፍታ ብትመለስ የሚጠብቃት ዓይነት ነገር ነው፦ እርሷ ፈጣን ናት፣ ምጣዱም ደኅና ነው፣ ያ አንድ እንጀራ ግን ተበላሽቷል። የሚሰሙት «ጭርር» ይኸው ነው።

ፈርምዌር እንዲህ ያለ መቆራረጥ ሊያመጣ አይችልም የሚል መልስ ካገኙ በአደባባይ የታመነውን የፕሮሰሰር ሠሪውን የኤኤምዲን ጉዳይ ያስታውሷቸው። ዊንዶውስ 11 በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ቲፒኤም የተባለውን የደኅንነት ክፍል ግዴታ አደረገ፤ ራይዘን በተባሉት አንዳንድ የኩባንያው ፕሮሰሰሮች ላይ ይህ ክፍል ራሱን የቻለ ቺፕ ሳይሆን በፈርምዌር የሚሠራ ስለሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ማኅደረ ትውስታ ጋር በሚያደርገው ረዥም ልውውጥ ማሽኑ አልፎ አልፎ ቀጥ ይል ጀመር። ኩባንያው በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ችግሩን አምኖ፣ ማስተካከያ የያዘ ባዮስ (የማሽኑ ዋና ፈርምዌር) ከግንቦት መጀመሪያ አንሥቶ እንደሚደርስ አስታወቀ። ቺፕ ሠሪው ካረመው በኋላም የማዘርቦርድና የላፕቶፕ አምራቾች ለየሞዴላቸው አዘጋጅተው ማውጣት ነበረባቸው። የእርስዎ ችግር ይኸው ነው ማለታችን አይደለም፤ ምልክቱ ለባትሪ ክትትል የቀረበ ይመስለናል።

ይህን ራስዎ መፈተን ይችላሉ። በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ባትሪዎች» ከሚለው ሥር የማይክሮሶፍትና የኤሲፒአይ ስም የያዘውን ባትሪ ለጊዜው ያጥፉትና ለሩብ ሰዓት ያዳምጡ። መቆራረጡ ከቆመ ምንጩን አገኙት ማለት ነው። ነገር ግን በዚህ ሁኔታ ዊንዶውስ የባትሪውን መጠን ስለማያውቅ ሳያስጠነቅቅ ሊጠፋ ይችላል፤ መብራት በየሰዓቱ በሚሄድበት ሰፈር ቻርጀሩ ላይ ተማምነው በዚያው እንዳይተዉት፣ ፈተናው እንዳለቀ ይመልሱት። ሁለተኛው መንገድ ሊኑክስ የተባለውን ሌላ ሥርዓት በፍላሽ አስነሥቶ ድምፅ ማጫወት ነው። እዚያም ከተቆራረጠ ዊንዶውስ ከክሱ ነጻ ይሆናል፤ ካልተቆራረጠ ግን ፈርምዌሩ ነጻ ወጣ ብለው አይደምድሙ፣ ምክንያቱም ለሁለቱ ሥርዓቶች የሚሰጠው መልስ ሊለያይ ይችላል። ዲስክዎ የዊንዶውስ መቆለፊያ በሆነው በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ሳይጽፉ አንዱንም አይጀምሩ።

አሁን ወደ ደብዳቤው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ የሚቀበለው ሰው ፊት ለፊቱ ካለው ዝርዝር ውጭ የመመለስ ሥልጣን የለውም፤ «ላፕቶፔ ይቆራረጣል» ካሉት ዝርዝሩ «ፎርማት» ይለዋል። እርሱን መቆጣት አይጠቅምም፤ ጉዳዩን ከእጁ ማውጣት ነው የሚጠቅመው። ስለዚህ ቁጣውን ለእኛ ያስቀሩልንና ለእነርሱ የሚከተለውን ያህል ብቻ በእንግሊዝኛ ይጻፉ፦ «የማሽኑ ሞዴል ይህ ነው፤ የባዮሱ ቅጂ ይህ ነው፤ በእነዚህና በእነዚህ ቀናት ዊንዶውስ ሦስት ጊዜ በአዲስ ተጭኖ ችግሩ አልተለወጠም፤ ኤሲፒአይ በየ30 ሰከንዱ ገደማ ይህን ያህል ሚሊሰከንድ ይዘገያል፤ ባትሪው በዲቫይስ ማናጀር ሲጠፋ መዘግየቱ ይቆማል። መረጃው ለፈርምዌር መሐንዲሶች ተልኳል ወይስ አልተላከም? ከተላከ የውስጥ ቁጥሩ ስንት ነው?» የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች በ«ፎርማት ያድርጉ» አይመለሱም። አዲስ ጉዳይ ሳይከፍቱ በዚያው በአሮጌው የጉዳይ ቁጥር ሥር ይላኩት፤ ከፎቶ ይልቅም ከማይክሮሶፍት በነጻ የሚገኘው የአፈጻጸም መቅጃ ፕሮግራም የሚያወጣውን ፋይል ቢያያይዙ፣ መሐንዲስ እጅ ከገባ ጉዳዩን የሚያፋጥነው እርሱ ነው።

ዱባይ ልላከው ወይ ላሉት፣ ገና አይላኩት። ስሕተቱ በፈርምዌሩ ጽሑፍ ላይ ከሆነ ማዕከሉ ማዘርቦርዱን ቢቀይረውም አዲሱ ያንኑ ጽሑፍ ይዞ ይመጣል፤ እርስዎም ሳምንታት ያለ ማሽን ከርመው፣ ዲስክዎ ተጠርጎ፣ «ጭርር»ውን መልሰው ይሰማሉ። የእርስዎኑ ሞዴል የያዘ ሰው ካገኙ በእርሱ ላይ ይለኩ፤ የእርሱ ደኅና ሆኖ የእርስዎ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ የአካል ብልሽት ነውና ያን ጊዜ ይላኩት። እስከዚያው የዋስትናው ማብቂያ ቀን እንዳያመልጥዎ፣ ችግሩ በዋስትናው ጊዜ ውስጥ እንደተመዘገበ የሚገልጽ መልስ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ግዢው በእኅትዎ ስም ከሆነ ደረሰኙንም ያስልኩ።

አዲስ ባዮስ ከወጣ ከአምራቹ ገጽ፣ ለትክክለኛው ሞዴል ብቻ ያውርዱ። ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩ እንደተሰካ፣ ቢትሎከርም ለጊዜው ተቋርጦ ይጫኑት። በቴሌግራም የሚዘዋወሩ የባዮስ ፋይሎችን አይንኩ። ቺፑን ነቅለው እንደገና የሚጽፉ የጥገና ባለሙያዎችም አሉ፤ ሥራቸው ባዮሱ ለተበላሸ ማሽን መድኃኒት ነው፣ ለእርስዎ ግን ያንኑ ስሕተት በንጽሕና መገልበጥ ይሆናል።

ለዛሬው ሥራዎ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቅንብሩን ጨርሰው ፋይሉን ሲያወጡ ማሽኑ ከሰዓት ጋር ስለማይሽቀዳደም በማዳመጥ ላይ ሳሉ የሚሰሙት «ጭርር» በተጠናቀቀው ሥራ ውስጥ አይገባም። በቅንብር ጊዜ ማቆያውን ወደ 2,048 ናሙና ቢያሳድጉት የ43 ሚሊሰከንድ ያህል ስንቅ ስለሚያገኙ አብዛኛው መቆራረጥ ይሸፈናል። ድምፅ ሲቀዱ ግን ክፍተቱ ቅጂው ላይ ይቀራል፣ ከዚያም የሚመልሰው የለም፤ ስለዚህ አዲሱ ባዮስ እስኪመጣ ዘማሪውን በተለየ መቅጃ ይቅዱና ፋይሉን ወደ ላፕቶፑ ያስገቡ።