ከሞተር ኋላ ምን ይታሰር? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ክረምቱ ሲቃረብ ጥያቄውም ይበዛል። በዚህ ሰሞን እዚህ ጎንደር ከደረሱኝ ግማሹ ስለ ሞተር የኋላ ቦርሳ ነው፤ እንግዲህ አንድ ላይ ልመልሳቸው።

«በወር ሁለት ጊዜ ደባርቅ እመላለሳለሁ። ሞተሬ ያማሃ ዲቲ ነው። አንድ የ60 ሊትር ቦርሳ አይቼ ጓጉቻለሁ፤ ልግዛው?» ከማራኪ

ይቅርብዎ። ትልቅ ቦርሳ የገዛ ሰው ግማሹን ባዶ ይዞ አይሄድም፤ ሲሄድ ባይሞላ ሲመለስ ድንች ይሞላበታል። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነ መንገድና ለሁለት ሌሊት አዳር ከ30 እስከ 40 ሊትር ይበቃል፤ ቅያሪ ልብስ፣ ጫማና አንድ ጋቢ ይይዛል።

ከሊትሩ ይልቅ ኪሎውን ይጠይቁ። የብዙ ሞተሮች የኋላ ዕቃ መጫኛ ብረት የሚችለው ከ5 እስከ 10 ኪሎ ብቻ ነው፤ የእርስዎን ልክ ከሞተሩ መመሪያ ያገኙታል። አምስት ሊትር ውኃ ብቻውን አምስት ኪሎ መሆኑን አይርሱ። ቦርሳውን ሞልተው ሰፈር ሱቅ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት፤ ባለሱቁ ቢስቅም ይሳቅ።

ሌላው ነገር ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ጭነቱ ከኋላ ጎማው መሃል አልፎ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር የፊቱ ጎማ ይቀላል። ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሽቅብ ሲሉ መሪው እጅዎ ላይ ሲቀልብዎት ያውቁታል። ስለዚህ የሚያፈናጥጡት ሰው ከሌለ ቦርሳውን ብረቱ ላይ ሳይሆን የተፈናጣጩ መቀመጫ ላይ፣ ወገብዎን አስጠግተው ይሰሩት። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ጋቢው ከላይ።

«ጋሼ፣ እኔ በካላማዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ ነው የማስረው። ሁልጊዜ ቦርሳው ወደ ጎን ይዞርብኛል።» ከአዘዞ

ካላማዳሪ ይለጠጣላ! በየጉድጓዱ ትንሽ ይለቃል፣ ቦርሳው ትንሽ ይሸሻል፤ እንዲህ እያለ ወደ ጎን ይዞራል። ዘለበት ያለው፣ የማይለጠጥ ጠፍር ግዛ። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት፣ አራት ቦታ ይያዝ። ላስቲኩን ከላይ ለምትጥለው ጃኬት አቆየው፤ ጫፉ ላይ ብረት ቆልማማ ካለው ግን ስትወጥረው ፊትህን ዞር አድርግ፣ ካመለጠህ ዓይን ነው የሚፈልገው።

የተረፈውን የጠፍር ጫፍ ደግሞ ጠቅልለህ አስገባው። እኔ አንድ ጊዜ አንድ ስንዝር የማትሞላ ጫፍ ተንጠልጥላ ቀርታ ዳባት ሳልደርስ ካቴና (የሞተሩ ሰንሰለት) ውስጥ ገባች። ኋላ ጎማው ጨርሶ ሳይቆልፍ ስለቆምኩ ዳንኩ፤ ጠፍሩን በቢላ ቆራርጬ ለማውጣት ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፣ እጄም እስከ ክርኔ ግራሶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከተነሳሁ አሥር ኪሎ ሜትር ላይ ቆሜ ሁሉንም እጎትታለሁ።

«ውኃ አያስገባም ተብሎ የተሸጠልኝ ቦርሳ ሐምሌ ላይ ልብሴን አራሰው። ተታለልኩ?» ከፒያሳ

ግማሽ እውነት ነው የተሸጠልሽ። ጨርቁ ላያስገባ ይችላል፤ ስፌቱ ግን እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ በር ነው፣ ዚፑም እንዲሁ። እውነተኛው ዓይነት ስፌት የለውም፤ ሸራው በሙቀት ተጣብቆ የተሠራ ነው፣ አፉም ይጠቀለላል። የሚጠቀለለውን አፍ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ካላጠፍሽው እሱም ያስገባል። ስትገዢ ውስጡ ደረቅ ጋዜጣ አድርገሽ አንድ ጆግ ውኃ አፍስሺበት። ያለሽን ለመጣል ካልፈለግሽ ልብሱን በወፍራም ፌስታል ጠቅልለሽ ክተቺው፤ እኔ ለወረቀትና ለላፕቶፕ ጥሩ ቦርሳ እያለኝም እንደዚያው አደርጋለሁ።

«በጀርባዬ ባዝለውስ?» ከማራኪ

አዘዞ ድረስ ከሆነ ይዘሉት። ለደባርቅ ግን አይሆንም፤ ትከሻ ይጨርሳል፣ ቢወድቁ ደግሞ ውስጡ ያለው ጠንካራ ዕቃ አከርካሪዎን ነው የሚያገኘው።

«እናቴ የላከችልኝ ቅቤ ቀልጦ ቦርሳውን በከለው፤ የቦርሳውም ጎን ተኮማትሯል።» ከቀበሌ 18

የጭስ ማውጫው ማርሚታ ነው። ጭስ ማውጫው ወደ ላይ የወጣ ሞተር ላይ ከጎን የሚንጠለጠል ቦርሳ ይቀልጣል። ቢያንስ አንድ መዳፍ ክፍተት ይኑረው፤ ቦርሳው በጉዞ ላይ ወደ ታች እንደሚረግብም አስበህ ለካ። ቅቤውን በክዳን ጣሳ፣ ከማርሚታው በተቃራኒ ጎን።

«ዕቃ ከጫንኩ ማታ መብራቴ ዛፍ ላይ ነው የሚያበራው።» ከአዘዞ

ጭነቱ የኋላውን ሞላ (አሞርዛተር) ተጭኖት ነው፤ የሞተሩ አፍንጫ ቀና ብሏል። የሚስተካከል ሞላ ካለው አጥብቀው፣ የኋላ ጎማውን ንፋስ መመሪያው ለጭነት በሚያዘው ልክ ሙላ፣ ከዚያ የፊት መብራቱን ዝቅ አድርግ። ሳትነሳ ደግሞ አንድ ሰው ከኋላ አቁመህ ፍሬን ያዝ፣ ፍሬቻም አብራ። ቀዩን ካላየልህ ቦርሳው ዝቅ ብሎ ታስሯል፤ ፈትተህ እንደገና እሰረው።