«ያ ያ» ብዬ የፈረምኩት ወረቀት

«ባለቤቴ ጀርመን ነው፣ የጀርመንኛውን የኤ 1 (የጀማሪ ደረጃ) ፈተና አልፌ ቪዛ እየጠበቅኩ ነው፣ እንደደረስኩ ሥራ ብጀምር ቋንቋው እዚያው በሥራ ላይ አይመጣም ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህት። ከድሬ ነኝ ስላልሽ ነው እንቅልፌን ትቼ የምጽፍልሽ። እኔም የገንደ ቆሬ ልጅ ነኝ። እኔም በትዳር ነው የሄድኩት፣ በፈረንጆቹ 2017። ስለዚህ የአንቺ ነገር የኔው ነው።

አቦ፣ ይመጣል። ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ያልመጣው ግማሽ ደግሞ ጉድ ይሠራሻል።

እኛ ድሬዎች ቋንቋ ላይ ትንሽ ትዕቢት አለብን። ኦሮምኛና ሶማሊኛ ማን አስተማረን? ኳስ ስንጫወት፣ ከፊራ ገበያ ስንላክ ሳናውቀው ገባን። አያቴ ሽመንደፈር፣ ባቡሩ ድርጅት፣ ነበር የሚሠራው። ከፈረንሳዮቹ ጋር በፈረንሳይኛ ይቀልዳል፣ ሲናደድም ይሳደባል፣ ፊርማው ግን አውራ ጣቱ ነበረች። እኔም ጀርመን የገባሁት በዚሁ ሒሳብ ነው። አፌን ይዤ።

1ኛ፣ ለአዲስ ገቢዎች የሚሰጠውን የውህደት ኮርስ አትዝለዪ። 600 ሰዓት ቋንቋ፣ 100 ሰዓት ደግሞ ስለ አገሩ ሕግና ታሪክ ነው፣ ቢ 1 የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ያደርስሻል። እኔ «ዴር፣ ዲ፣ ዳስ» እያልኩ ሰዋስው ላይ ቁጭ ከምል ዩሮ ልልቀም ብዬ በሁለተኛው ወር አቋረጥኩት። ባየርን በሚባለው የጀርመን ክልል፣ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ረዳት ሆንኩ። አልዋሽሽም፣ በስድስት ወር እንደ ልቤ አወራ ነበር። አሮጊቶቹ ያለኔ ገላቸውን አንታጠብም ይሉ ነበር።

2ኛ፣ ሰዓት። አለቃዬ «ሃልብ ዜክስ ላይ ግባ» አለችኝ። ቃል በቃል «ግማሽ ስድስት» ነው። እኔ 6 ተኩል መሰለኝ። እነሱ ግን ስድስት ሊሞላ ግማሽ የቀረውን ነው የሚሉት፣ 5:30፣ በኛ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል። እኔ በኩራት 12 ተኩል ላይ ከች። ተቆጣችኝ፣ በዚያ በባየርኖቹ አነጋገር «ሆስት ሚ?» አለችኝ፣ ገባህ ወይ ማለት ነው። «ያ ያ» አልኳት፣ አዎ አዎ ማለት ነው። ምንም አልገባኝም። ጫማዬን ጠልታው መስሎኝ በማግስቱ አዲስ ጫማ ገዝቼ መጣሁ። 12 ተኩል ላይ።

3ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፣ ግን እውነቱን ለመናገር ሁሉም ነገር እዚህችው «ያ ያ» ላይ ነው ያለው።

ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ መጣ። አላነበብኩትም። አንድ ቀን አለቃዬ ቢሮዋ ጠራችኝ። ቡና ቀዳችልኝ፣ ብስኩት አቀረበች፣ ሁለት ገጽ ወረቀት አወጣችና ፈገግ እያለች አስረዳችኝ። ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዝኩት «ሥራ»፣ «የወሩ መጨረሻ» እና «በስምምነት» የሚሉትን ነው። ፈረቃ ሊቀይሩልኝ መሰለኝ። ያ ያ። ፈረምኩ። አመስግኜ፣ ብስኩቱን በልቼ ወጣሁ።

ማታ ሚስቴ ወረቀቱን አንብባ ዝም አለች። አናቱ ላይ «አውፍሄቡንግስፌርትራግ» ይላል። በስምምነት ውል ማፍረሻ። በገዛ እጄ ሥራዬን ለቅቄያለሁ! 14 ወር ስለሠራሁ የሥራ አጥ ክፍያ ይገባኝ ነበር፣ ግን እንዲህ ፈርመሽ ስትወጪ «ሽፔርዛይት» የሚባል ቅጣት አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ። እኔንም አልማረኝም።

ክፍያ የሚጠየቅበት ቢሮ ሄድኩ። እንደምታውቂው ድሬ ውስጥ አንቱታ የለም፣ ሽማግሌውንም አንተ ነው የምንለው። ጀርመን ግን «ዱ» እና «ዚ» አለ፣ ልክ እንደ አንተና እርስዎ። እኔ ሴትዮዋን «ዱ» ብዬ ጀመርኩ። ብዕሯን አስቀመጠችና «አብረን አሳማ ጠብቀናል እንዴ?» አለችኝ። የነሱ አባባል ነው፣ ከየት የመጣ ቅርርብ ነው ማለቷ ነው። እኔ አሳማ በሥዕል እንጂ አላውቅም። ምን ብዬ እንደመለስኩ ገምቺ። «ያ!» ጎኔ የቆመው ሰውዬ በሳቅ ሞተ። ሴትዮዋ ወረቀት ጎድሏል ብላ በሁለት ሳምንቴ ቀጠረችኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሺ። ግን ቀስ ብላ ብታወራ ምን ይጎድልባት ነበር? እስከዛሬ ይቆጨኛል።

የቅጣቱ ውሳኔ በደብዳቤ መጣ። በአንድ ወር ውስጥ ተቃውሞ ማቅረብ እንደሚቻል መጨረሻው ላይ ተጽፏል። እኔ ሆዬ ፍሪጅ ላይ በማግኔት ለጥፌ፣ በየቀኑ ወተት ሳወጣ አየው ነበር። ሚስቴን አንብቢልኝ ማለት አፈርኩ። ወሩ አለፈ፣ ኸላስ።

ከዚያ በኋላ ነው የወረቀቱን ቋንቋ ለመማር ከዜሮ የጀመርኩት። ኮርሱን ተመልሼ ገባሁ። ቢ 1፣ ቀጥሎ ቢ 2፣ ከዚያ የ3 ዓመት የነርስነት ሥልጠና ጨረስኩ። ዛሬ የሌሊቱን ሪፖርት የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ጀርመኖቹ ኮማዬን ቢያርሙ ነው።

አትፍሪ፣ የኛ ሰው ከሌላው የሚቀለው ነገርም አለ። 21ን «አንድና ሃያ» ነው የሚሉት፣ ልክ ድሬ መጋላ ሰፈር ውስጥ በዓረብኛ «ዋሂድ ወዒሽሪን» እንደሚባለው። «ስለደከመኝ» ዓይነት ዓረፍተ ነገር ላይ ደግሞ ግሡን ወደ መጨረሻ ይወስዱታል፣ እንደ አማርኛ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቀው ነው እዚያ ላይ የሚንገታገተው።

ቪዛሽ እስኪመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሸምድጂ፦ «ዳስ ኔመ ኢሽ ሚት ናኽ ሃውዘ»። ይህን ወደ ቤት ይዤው እሄዳለሁ ማለት ነው። ወረቀት ሲሰጡሽ፣ በተለይ ከቡና ጋር ከሆነ፣ ይህንኑ በይና ተነሺ። የመጀመሪያው የሥራ ውል ሲሰጥሽ ደግሞ ሳትፈርሚ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። የሌሊት ፈረቃ ስለሆንኩ የምመልስልሽ ጠዋት ነው።