መልስ፦ ሃይማኖት እምነት ብቻ ነው ወይ?

ወንድሜ፣ «በልቡ የማያምን፣ ሥርዓቱን ግን የሚፈጽም ሰው ሃይማኖት አለው ይባላል?» ብለህ ጠይቀሃል። ጥያቄህ ምሁራኑን ራሳቸውን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረ ነው።

እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ (አንትሮፖሎጂስት) ኤድዋርድ ታይለር በ1871 እ.ኤ.አ. ሃይማኖትን በአጭሩ «በመንፈሳዊ ፍጡራን ማመን» አለው። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኤሚል ዱርኬም ግን በ1912 እ.ኤ.አ. እምነትንና ሥርዓትን አጣመረ። እምነትና ሥርዓት አብረው የሃይማኖቱን ተከታዮች አንድ ማኅበረሰብ ያደርጓቸዋል አለ።

እኔ ወደ ዱርኬም አደላለሁ። ምክንያቴ መንዝ ያለችው አያቴ ናት። ምሥጢረ ሥላሴን አስረጂኝ ብትላት «እሱን ቄሱን ጠይቅ» ትልሃለች። ጾሟን ግን አትሽርም። የማርያም ጽዋ ተራዋ ሲደርስ ጠላውን ጠምቃ፣ ዳቦውን ደፍታ ማኅበርተኛውን ትቀበላለች። የተጣላ ካለ እዚያው ይታረቃል። ታዲያ ይሄ ሁሉ የእምነቷ መገለጫ ብቻ ነው? በፍጹም አይመስለኝም። እምነቷ የተሠራው በዚሁ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ በእጇ፣ በጉልበቷ፣ በሆዷ ነው የተማረችው።

አንትሮፖሎጂስቱ ታላል አሳድ በ1993 እ.ኤ.አ. ያነሳው ነጥብም አለ። እምነትን የሃይማኖት እምብርት ማድረግ ከአውሮፓ የቅርብ ዘመን ክርስትና የመጣ አስተሳሰብ ነው ይላል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ደጋግመህ አስብበት።

በነገራችን ላይ፣ የእኛው «ሃይማኖት» የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ ከማመን ጋር የተያያዘ ነው። በአማርኛ ስንጠይቅ እምነትን አስቀድመን ይዘን ነው የምንነሳው። ጥያቄው የከበደህ ለዚህም ይመስለኛል።